አርባ ኤከር ለአራት

የካቲት 11 ቀን 2006፣ ማክሰኞ

ስድስተኛ ዙር። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ወደ መኪና ማቆሚያው። ነፋሱ አውቶቡሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ሰባት ተሳፋሪ፣ አሥራ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ወገብ።

ደብተሬ፣ ሁለት ሳምንት ጠፋሁብህ። የምጽፈው አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ባይኖረኝ ይሻል ነበር።

ካውንቲው፣ መሬታችን ያለበት ወረዳ ማለት ነው፣ ደብዳቤ ልኳል። ልጄ ሄለን አነበበችልኝ። እኔም እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ የመንግሥት ደብዳቤ ሲሆን ግን ዓይኔ ቶሎ ይደክማል። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቀና አለች። «ዳዲ፣ ፎር ሎትስ የሚባል ነገር የለም ነው የሚሉት። ያደረጋችሁት ኢሊጋል ነው።»

የለም! እኔ ለክቼ፣ እኔ ችካል መትቼ፣ የለም!

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል። ባለፈው መስከረም አራት ሰዎች ተጋግዘን ከምንኖርባት ከኦሮራ በስተምሥራቅ፣ በአይ-70 አውራ ጎዳና አንድ ሰዓት ከሩብ ነድተን የሚገኝ ገላጣ ሜዳ ላይ አርባ ኤከር ገዛን። እኔ፣ ጓደኛዬ ተስፋይ፣ ወ/ሮ አልማዝና አቶ ደሳለኝ። የጋራ ይዞታ ያጣላል ብለን፣ ሳንጣላ በፊት ለመካፈል ወሰንን። ቀያሹ ደግሞ እኔ። አ.አ. ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ይዞታ ስለካ የኖርኩ፣ እዚህ አገር ሻንጣ ተሸካሚ። መሣሪያ ተከራየሁ። አርባውን ለአራት፣ አሥር አሥር ኤከር፣ ዘጠኝ ችካል። ዕጣ ወጣ። እያንዳንዳችን በየስማችን ሰነድ አሠራን። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ማኅተም መታበት። ማኅተም ካረፈበት አለቀ ብለን ፎቶ ተነሣን። የሁላችንም ጥርስ ይታያል።

ማኅተም ማለት ወረቀቱ ደርሶናል ማለት ብቻ ነው ለካ። ፈቅደናል ማለት አይደለም። እኛ አገር ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ማን ይጠይቀዋል?

መሬትን ከሠላሳ አምስት ኤከር በታች ያለ ፈቃድ መከፋፈል ክልክል። በተከፈለው ላይ ቤት መሥራት ክልክል። ጉድጓድ መቆፈር ክልክል። ተስፋይ ደግሞ ኪራይ ሲጨምሩበት አፓርትመንቱን ለቆ ከኅዳር ጀምሮ እዚያ ሜዳ ላይ በትሬለር ነው የሚኖረው። እስከ ግንቦት 23 ይውጣ ይላል ደብዳቤው።

ሰባተኛ ዙር ተጠራ።


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ተስፋይ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሣሩ ቢጫ፣ በረዶው በየቦዩ ቀርቷል። ከኦሮራ በሰማያዊ በርሜል ውሃ ጭኜለት ሄድኩ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ትሬለሩን በጭድ እስር ከቦታል፣ ብርድ እንዳይገባ። ከእኔ አምስት ዓመት ይበልጣል፣ ስድሳ ስምንት። አሥመራ ተወልዶ ትምህርቱን በአማርኛ የተማረ፣ ሚስት ያገባውም ወልዶ ያሳደገውም አ.አ.። እዚህ ታክሲ ነዳ፣ ዓይኑ ሲደክም ተወ። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ።

በደቡብ በኩል ጅረቷ ዛሬ ትፈስሳለች፣ በረዶው እየቀለጠ። ከሷ አንድ ባልዲ መቅዳት እንኳ አይቻልም። በዚህ አገር ሕግ ውሃው ቀድሞ ለጠለፈው ሰው ነው፤ ቀድሞ የጠለፈው ደግሞ መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሆነው የተቃረበ፣ ከታች በኩል ያለ የቦይ ማኅበር ነው። ተስፋይ ይስቅበታል። ውሃው በእኔ ላይ ያልፋል እንጂ አያውቀኝም ይላል።

ደብዳቤውን ነገርኩት። መጥፎ ወሬ ሲነገር ሌላ ሥራ እንደሚፈልግ ሰው በርሜሉን መገልበጥ ጀመረ። ከዚያ ወጥቶ ችካሎቹን ተራ በተራ አየ። ቀጥ ብለው ነው የተመቱት አለኝ። ለማጽናናት ይሁን ለማቁሰል አልገባኝም። ሁለቱም ሆነ።


የካቲት 20፣ ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ ካውንቲው ጽ/ቤት ሄድኩ። ወረቀት የያዘችው ሴትዮ ደግ ናት። ይህም አይጠቅመኝም፤ ደግ ሰው ላይ መጮህ አይቻል።

ቀያሽ ነበርኩ ስላት ፊቷ በራ። የድሮውን የቅየሳ ካርታ ጎትታ አወጣች። ደብተሬ፣ መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። አንድም ቤት ሳይኖር፣ አንድም መንገድ ሳይኖር፣ ሜዳውን በሙሉ በካሬ ከፋፍለውታል። በሰንሰለት! ሁለት ሰው ሰንሰለት እየጎተተ፣ አንዱ እየቆጠረ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ። የእኛዋ አርባ ኤከር ከዚያ ካሬ የአንዱ ሩብ ሩብ ናት። ቀያሹ ማስታወሻ ጽፏል፦ መሬቱ ወጣ ገባ፣ አፈሩ መካከለኛ፣ ዛፍ የለም። እንደዚህ ነው የሚጻፈው። እኔም እንደዚህ ነበር የምጽፈው።

ከዚያ ሴትዮዋ አስረዳችኝ። መንግሥት መቶ ስድሳ ኤከር ለሚሰፍር ቤተሰብ ይሰጥ ነበር፣ አምስት ዓመት ከቆየ። ለባቡር ኩባንያ ደግሞ አንዱን ካሬ እየዘለሉ አንዱን። ባቡሩ ሰው አመጣ፣ ሰው የብረት ማረሻ ይዞ መጣ፣ እሾሃማ ሽቦ ይዞ መጣ፣ በነፋስ የሚሽከረከር የውሃ መሳቢያ ይዞ መጣ። መቶ ስድሳው ዝናብ ላለበት አገር የተቆረጠ ልክ ነው፤ እዚህ ዝናብ የለም። አብዛኛው ተራበ፣ ሸጠ፣ ሄደ። የቀረው የሄደውን መሬት ገዝቶ ከራሱ ጋር አዋሐደ። ስለዚህ አሁን ሕጉ መቆራረጥን ይፈራል። እኛ መቶ ስድሳ ያልበቃውን ሰው መሬት አሥር አሥር ቆረጥነው። ሲያስቅ!

መፍትሔ ጠየቅኳት። አራቱ ሰነዶች ወደ አንድ ይመለሱ አለች። ሁሉም ድርሻውን በመልቀቂያ ወረቀት ይልቀቅና አርባው እንደገና አንድ ይዞታ ይሁን። ያን ጊዜ ጉድጓድም ቤትም ይፈቀዳል። ለተስፋይም የግንቦቱ ቀን ይራዘምለታል።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ጥያቄ አመለጠኝ። ቀያሹ ሲመጣ እዚህ የነበሩት የአገሩ ነባር ሰዎች የት ተጻፉ? የነበሩትማ ወደ ሌላ ተወስደው ነበር አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። ማስታወሻው ውስጥ የሉም። ሜዳው ባዶ ነው የሚለው።

መኪናዬ ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበትን ምክንያት ዛሬ አልጽፍም።


የካቲት 23፣ እሑድ

ወ/ሮ አልማዝ ቤት፣ ቻምበርስ ሮድ፣ ከቸርች መልስ። አራታችንም አለን። አልማዝ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ሽማግሌ ስታገላብጥ ትከሻዋ ወልቆ ያውቃል። ዶሮ ማርባት ነው ሕልሟ። ደሳለኝ የቸርች ሽማግሌ ነው፣ የጽዳት ድርጅት አለው፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ቤት ገዝቷል። እሱ ጸለየ። ጸሎቱ ረዘመ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ።

«ሲምፕል ነው» አለ ደሳለኝ። «አራታችንም ሳይን እናድርግ፣ ወደ አንድ ዲድ እንመልሰው፣ አራት ስም ይጻፍበት። ፊኒሽ።»

አልማዝ እሺ አለች። እኔ ከመጠየቄ በፊት እሺ ብያለሁ። ተስፋይ ከጽ/ቤቱ ያመጣሁትን የመልቀቂያ ወረቀት አንሥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው።

«ምንድን ነው የሚለው?»

ተረጎምኩለት። ከላይ የተጠቀሰውን ይዞታ ለቅቄአለሁ፣ መብትም ጥያቄም የለኝም።

ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይህን ቃል አንድ ጊዜ ፈርሜዋለሁ» አለ።

ከዚያ የማናውቀውን ነገረን። በጦርነቱ ዓመት፣ ዜግነትህ ሌላ ነው ተብሎ ከአ.አ. ሲባረር፣ ተይዞ በቆየበት ክፍል ወረቀት አቀረቡለት። ቤቴን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ የሚል። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ ሌላ አመጡለት። ስለ እስክሪብቶው ሁለት ጊዜ ነገረን። ፈረመ፣ አውቶቡስ ላይ ወጣ።

አልማዝ አለቀሰች። ጋሽ ተስፋይ ይህ እኮ ሌላ ነው፣ ይህ እኮ የኛው ነው አለችው።

«አውቃለሁ እኅቴ። ይገባኛል። እጄ ግን አይፈርምም። ያስወጡኝ፤ አንድ ጊዜ ወጥቼ አውቃለሁ። በፊርማዬ ግን አልወጣም።»

ተስፋይ ከሄደ በኋላ ደሳለኝ «እልኸኛ ሽማግሌ» አለው። እኔ ድንቹን በላሁ፣ ቀዝቃዛውን።


የካቲት 24፣ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

እሺ። ልጻፈው።

በዚያ ዓመት መ/ቤቴ የላከኝ ቤት እንድለካ ነው። የተባረሩ ሰዎችን ቤት። ዝርዝር ይሰጡናል፣ ቁልፍ የያዘ ሰው አብሮን ይሄዳል፣ እኔ ሜትሬን እዘረጋለሁ። ስንት ቤት እንደለካሁ አውቃለሁ፤ ቁጥሩን አልጽፈውም። አንዱ ግቢ ውስጥ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ነበር፣ ገና አልደረቀም። የሕፃን ልብስም አለበት። ሜትሩን ስዘረጋ እንዳይነካው ጎንበስ ብዬ አለፍኩ፤ ጨዋነቴ እዚህ ድረስ ነበር። ቅጹ ላይ «ነዋሪ» የሚል መስመር አለ። «የለም» ብዬ ሞላሁ። እውነት ነው፣ የለም። ከሦስት ቀን በፊት ነበረ።

እምቢ ብል ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው። እምቢ ያለ ሰው አላውቅም። ያለም ይኖር ይሆናል።

ተስፋይን ካወቅኩት አሥር ዓመት። ውሃ የምጭንለት ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ጥሩ ሰው ነህ ይለኛል። ይህን ሲለኝ እንዴት እንደምጠላው።


መጋቢት 4፣ ሐሙስ

አቧራ። ከምሥራቅ ቡናማ ግድግዳ መጣ፣ ተሳፋሪዎች አፋቸውን ሸፈኑ። ያ ሁሉ ሜዳ በማረሻ ተገልብጦ ሣሩ ሲሞት አፈሩ እንዲህ ተነሥቶ እንደነበር ሴትዮዋ ነግራኛለች። ነፋሱ ልማዱን አልተወም።

ሄለን ተቆጣችኝ። ሁልጊዜ ስለዚያ መሬት ነው የምታወራው፣ ሌት ኢት ጎ አለች። ምን እንደምለቅ አልነገረችኝም።

ተስፋይ ስልክ አያነሣም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሶፋዬን ለማደሪያ ልሰጠው ነበር፣ ለግንቦት። ብነግረውም እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ተስፋ የለኝም ደብተሬ። አንተ ላይ ቢያንስ በግልጽ ልጻፈው። የለኝም።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ነገርኩት።

በርሜሉን አወረድኩ፣ ቆምኩ፣ ተናገርኩ። አላዘጋጀሁትም፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ቤት ለክቻለሁ አልኩት፣ በዚያ ዓመት፣ የእናንተን።

የት ሰፈር አለ። ነገርኩት። የእሱ በሌላ በኩል ነው። «እንግዲህ የእኔን ሌላ ሰው ለክቶታል» አለ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅኩ። ስድብ፣ ጡጫ፣ ማንኛውንም። እሱ ግን ማድ ቤቱንም ትለኩ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ የተሠራውን። አዎ፣ ሁሉንም እንለካ ነበር አልኩት። ማድ ቤታችንን እኔና ባለቤቴ በአንድ ሳምንት ነው የሠራነው፣ ብሎኬቱን እሷ ነበረች የምታቀብለኝ አለ። ወርዱ ስንት ተብሎ ተጽፎ ይሆን አለ። ከእኔ መልስ እንደሚፈልግ ዓይኔን ዓይኔን አየኝ። የማላውቀውን ቤት ወርድ።

ነፋሱ ሳይበረታ ሂድ አለኝ።

ሁልጊዜ እስከ መኪናዬ ይሸኘኛል፤ እምቢ ብለውም ይሸኘኛል። ዛሬ አልሸኘኝም። በመስተዋት አየሁት፣ ያለፈውን ባዶ በርሜል ይዞ ቆሟል። ይቅር ብሎኛል ብዬ አልጽፍም፣ አላለምና። በጣም አፍሬአለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላፈርኩትን ዛሬ አንድ ላይ አፈርኩ።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሐሳብ መጣልኝ፤ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለ። ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ።

መልቀቂያ የሚፈርመው የሚሰጠው ሰው ነው። ተስፋይ ባይሰጥስ? ሦስታችን የየድርሻችንን ለእሱ ብንሰጠው፣ አርባው በሙሉ በአንድ ሰው ስም ይሆናል። እሱ አንዲት ፊደል አይፈርምም። ጽ/ቤት ደወልኩ፣ ያችው ሴትዮ አነሣች። ይሆናል አለች! ከዚያ ቆም ብላ፣ የሰጣችሁትን ግን በሕግ መልሳችሁ ልትጠይቁት አትችሉም፣ ገብቷችኋል አለች።

ገብቶኛል። ችግሩ አልማዝና ደሳለኝ ናቸው።


መጋቢት 21፣ እሑድ

አልማዝን መኪና ውስጥ አነጋገርኳት፣ ከአፓርትመንቷ በታች። ሞተሩን አላጠፋሁም፣ ብርድ ስለሆነ። ጨርሳ እስክታዳምጠኝ ድረስ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች።

«ጋሽ ኃይሉ፣ አሥራ አራት ዓመት ሰው እያገላበጥኩ ነው እኮ የገዛሁት» አለች። «ጋሽ ተስፋይን እወዳቸዋለሁ። ነገ ቢሞቱስ? ልጆቻቸው አያውቁኝ። ያቺ መሬት በሕይወቴ ስሜ የተጻፈባት አንዲት ነገር ናት።»

ምን ልበላት? ልክ ናት። ደሳለኝ ካደረገ እኔም አደርጋለሁ አለች በመጨረሻ። ደሳለኝ እንደማያደርግ ሁለታችንም እናውቅ ነበር መሰለኝ፣ ፊት ለፊት አልተያየንም።

ደሳለኝ ቤት ከዚያ ቀጥዬ ሄድኩ። በትሕትና ተቀበለኝ፣ ጁስ ቀዳልኝ። ጸልዬበታለሁ አለ። አሥሯን ኤከር ጎረቤት ላለው ከብት አርቢ ሸጬአታለሁ፣ ዓርብ ሽያጩን ክሎዝ አድርገናል አለ። አርቢው ከራሱ ሰፊ ይዞታ ጋር ስለሚያዋሕዳት ካውንቲው አልተቃወመም። ሊነግረን አስቦ ነበር፣ ጊዜ አጥቶ ነው።

መቶ ዓመት አለፈው፣ ነገሩ ያው ነው። ትንሹ ይሸጣል፣ ትልቁ ያዋሕዳል። እኔ ደግሞ ለአርቢው ድንበሩን አስተካክዬ አስረከብኩት፣ በነፃ።

ቀሪው ሠላሳ ነው። ሦስታችን አንድ ብንሆን እንኳ ሠላሳ። ጽ/ቤት የምደውልበት ምክንያት የለኝም፤ አምስት ኤከር ከየት ይመጣል።

አልማዝን ደውዬ ነገርኳት። እንግዲያው ምን ዋጋ አለው አለችና ስልኩን ዘጋች። አልፈረድኩባትም።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ በፊት

ተስፋይ ዛሬ ራሱ ደወለ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ እንደ ጠላትም አይደለም። የደሳለኝን ሰምቷል፤ አርቢው ሽቦ ሊዘረጋ ሰዎች ልኳል። ትሬለሩን የሚጎትትለት ሰው አለ ወይ ብሎ ነው የደወለው። ወዴት እንደሚጎተት ጠየቅኩት። ገና ነው አለ። ሶፋዬን ነገርኩት። አመሰገነኝ። አመሰጋገኑ የማያውቁት ሰው የሚመሰገንበት ነው።

ከዘጋ በኋላ ወረቀቱን አወጣሁ። የመልቀቂያውን። ፊርማ የሚያረጋግጠው ኖተሪ ከቻምበርስ ማዶ፣ ከፀጉር ቤቱ ጎን ነው፤ በሦስት ሰዓት ይከፍታል፣ የእኔ ሥራ በአምስት ነው።

ሄለን ፍሪጁን ተደግፋ አየችኝ። የእሱ አሥር የአንተ አሥር ትወንቲ ነው፣ ምንም አያደርግለትም፣ አይደል አለችኝ። አያደርግለትም አልኩ። ጉድጓድ አይፈቀድለትም። ቤት አይፈቀድለትም። ግንቦት ላይ ያስወጡታል፣ አሥርም ቢኖረው ሃያም ቢኖረው። ታዲያ ዋይ፣ ለምን አለች። የሰው ቤት ከስሙ ሲወጣ ሜትር ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ መሬት ወደ ሰው ስም ሲገባ እጄ ይኑርበት ነው የምለው፤ ይህን ለእሷ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት አላወቅኩም።

አይጠቅምም። አውቃለሁ። ከተስፋይም ጋር አያስታርቀኝም።

ዛሬ እፈርማለሁ። የተቀባዩን፣ የተስፋይን ስም በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ ፊደሉን ሁለት ጊዜ አይቼ። ተቀበለኝ ብዬ አልጠይቀውም። ወረቀቱ የተቀባይ ፊርማ አይፈልግም፤ አጣርቻለሁ።